የ«ብሌድ ረነር» የግርጌ ጽሑፍ ማንም ሳይናገር ይወጣል፤ ማታ እንግዶች አሉብኝ

ቀበና_ማታ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንግሊዝኛ ለማይከታተሉ ዘመዶቼ «ብሌድ ረነር»ን ለማሳየት ቃል ገብቻለሁ፤ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍም (ሰብታይትል) ጨርሻለሁ። አሁን ስሞክረው ግን ገና በመግቢያው፣ ሰው ሠራሽ ሰዎችን የሚያሳድደው ዋናው ገጸ ባሕርይ ዴካርድ ጋዜጣ ይዞ የምግብ ተራ ሲጠብቅ፣ የተረጎምኩት ንግግር ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ሰውየው አፉን አልከፈተም፣ ድምፅም የለም። ከዚያ ይስተካከልና ዴካርድ ፒያኖው ላይ ከተቀመጠበት ትዕይንት ጀምሮ ጽሑፉ ከንግግሩ በጥቂት ሰከንዶች መቅደም ይጀምራል። የተረጎምኩት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የዚሁ ፊልም ነው፣ ርዝመቱም ያው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ።

ሪሞት_ያዥ፦
በቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻው ፕሮግራም) የምታሳይ ከሆነና ኮምፒውተርህ ዊንዶውስ ከሆነ፣ «ኤች» የሚለውን ፊደል ስትጫን ጽሑፉ በየጊዜው በ50 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ «ጂ» ደግሞ ያፈጥነዋል። ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ቀበና_ማታ፦
ሞክሬዋለሁ። ከፒያኖው በኋላ ያለውን ሳስተካክል ከፒያኖው በፊት ያለው ይበላሻል።

የዝናብ_ጃንጥላ፦
ዴካርድ አፉን ሳይከፍት ስለ ቀድሞ ሚስቱ የሚያማርር ከሆነ፣ ሰው ሠራሽ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም። ፋይሉን አትንካው።

ሴሉሎይድ፦
የተበላሸ ነገር የለም፤ ጠያቂው የአንዱን ፊልም ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች አጋብቷል። «ብሌድ ረነር» እ.ኤ.አ. በ1982 ለሲኒማ ቤቶች ሲቀርብ፣ በሙከራ ያዩት ተመልካቾች ግራ በመጋባታቸው፣ ዴካርድን የሚጫወተው ሃሪሰን ፎርድ የሚያነበው ትረካ በላዩ ላይ እንዲጨመር ተደረገ። መጨረሻውም ዴካርድና ፍቅረኛው ሬቸል በአረንጓዴ ተራሮች መካከል በመኪና ሲሄዱ በሚያሳይ ደስታ ተቋጨ። የተራሮቹ ምስል ስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» ለተባለው ፊልሙ ከአየር ላይ አስቀርጾት ከተረፈው የተወሰደ ነው። በ1990 ትረካው ከሞላ ጎደል የሌለበት ያልተጠናቀቀ ቅጂ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታይቶ ሰው ስለወደደው፣ በ1992 «የዳይሬክተሩ ቅጂ» የሚባለው ወጣ። ይህም ቢሆን ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ማስታወሻ ልኮ ሌሎች ያዘጋጁት እንጂ በእጁ የቆረጠው አይደለም፤ ሙሉ ሥልጣን አግኝቶ የሠራው በ2007 የወጣውን የመጨረሻውን ቅጂ ነው። ርዝመታቸው 117፣ 116 እና 117 ደቂቃ ስለሆነ በሰዓት መለየት አይቻልም፤ ጠያቂውንም ያሳሳተው ይኸው ነው።

አሮጌ_ወንበር፦
እኔ ግን ከመሠረቱ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዩ ሰዎች፣ ያውም በትርጉም ለሚከታተሉ፣ ትረካው ያለበት የ1982ቱ ቅጂ ይሻላል፤ ማን ማን እንደሆነ ይነግራቸዋል። የዳይሬክተር ቅጂ ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ማመን ከንቱ ነው። ራሱ ስኮት በ2003 «ኤሊየን»ን እንደገና ሲያቀናብር ከ1979ኙ አንድ ደቂቃ ያህል ያጠረ ቅጂ አወጣ፤ የሚመርጠው ግን የመጀመሪያውን እንደሆነ ተናግሯል።

ሴሉሎይድ፦
ስለ «ኤሊየን» ያሉት ልክ ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም። የሰው ሠራሾቹ መሪ ባቲ ዝናብ ውስጥ ተቀምጦ ሲሞትና ርግቧ ስትበር፣ የ1982ቱ ትረካ ወዲያው ገብቶ ዴካርድ ምን እንደተሰማው ያብራራል። ባቲን የሚጫወተው ሩትገር ሃወር በፊቱ የጨረሰውን ነገር በቃል መድገም ለእንግዶች መራራት አይደለም።

ካሴት_ቤት፦
ክርክሩን ለነገ አቆዩትና ልጁን እንርዳው። ትረካው ስለሌለ ያንተ ፊልም ከ1992ቱ ወይም ከ2007ቱ አንዱ ነው፤ ጽሑፍህ ደግሞ የ1982ቱ ነው። በፒያኖው ትዕይንት ዴካርድ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ በጫካ ውስጥ ሲጋልብ ያያል፤ ያ ምስል በ1982ቱ ስላልነበረ ከእሱ በኋላ ያለው ንግግር ሁሉ በዚያው ልክ ወደኋላ ተገፍቷል። ስለዚህ በሰብታይትል ማስተካከያ ፕሮግራም የትረካውን መስመሮች በሙሉ አጥፋ፤ ከፒያኖው ወዲህ ያሉትን መስመሮች ብቻ ምረጥና ፈረሱ የወሰደውን ሰከንድ ያህል አዘግያቸው። ከዚያ ወዲያም ጥቂት ቦታ መፈተሽህን አትርሳ። መጨረሻ ላይ ሊፍቱ ከተዘጋ በኋላ የሚተርፍህን ጽሑፍም ሰርዝ፤ እሱ የተራሮቹ ነው።
የትኛው እንደሆነ ለመለየት የፖሊስ አለቃውን አድምጥ። በቀድሞዎቹ ስድስት ሬፕሊካንቶች (ሰው ሠራሽ ሰዎች) አምልጠው አንዱ እንደሞተ ይናገራል፤ ዴካርድ የሚያሳድደው ግን አራት ብቻ ነው። ይህ የሂሳብ ስሕተት በ2007 ታርሞ የሞቱት ሁለት ሆነዋል። የርግቧም ሰማይ በቀድሞዎቹ ድንገት ብሩህ ነው፣ በ2007ቱ ግን ጨለማው አይገፈፍም። 2007 ከሆነ የአለቃውን ትርጉም አስተካክል።

ሪሞት_ያዥ፦
«ኤች»ን ደጋግሞ መጫን ይበቃ ነበር።

የዝናብ_ጃንጥላ፦
ሪሞት_ያዥ እንደ ፊልሙ ሬፕሊካንቶች አራት ዓመት ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ይመስለኛል።

ጥላዬ፦
ለሌሎች እንዲጠቅም ልጨምር። ልዩነቱ እንደዚህ በአንድ ቦታ ዘሎ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀስ እያለ የሚሰፋ ከሆነ ችግሩ የቅጂ አይደለም። የአውሮፓ ዲቪዲዎች በሰከንድ በ24 ፈንታ 25 ምስል ስለሚያሳዩ 117 ደቂቃው ወደ 112 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የጽሑፉን ፍጥነት መለወጥ እንጂ ማዘግየት አይፈታውም።

አሮጌ_ወንበር፦
አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ፈረሱን ስታስገባ ፖሊሱ ጋፍ ዴካርድ ደጃፍ ላይ ጥሎት የሚሄደው ታጥፎ የተሠራ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ትርጉሙ ይለወጣል፤ የዴካርድን ሕልም ያውቃል ማለት ነው፣ ስለዚህ ዴካርድም ሬፕሊካንት ነው። ስኮት እንዲህ ይላል፤ ፎርድ ግን ሰው ነው ብሎ ተሟግቷል። ዘመዶችህ ዛሬ የሚያዩት ቅጂ ለአንዱ ወገን ፈርዶ የመጣ መሆኑን ልብ በል።

ቀበና_ማታ፦
ካሴት_ቤት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትረካውን እያጠፋሁ ነው፤ ብዙ ነው፣ ሦስት ሳምንቴ አብሮ እየጠፋ ነው። የሚያዘገየውን ደግሞ አሁን እጀምራለሁ። በር እየተንኳኳ ነው።

ካሴት_ቤት፦
(በማግስቱ) እንዴት ሆነ? አለቃው የሞተው አንድ ነው አለ ወይስ ሁለት?