«ብግነት» እና «መበገን» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ነፍሰ ጡር ጎረቤቴ ከክትትል ስትመለስ «ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ነው፤ ደምሽ ላይም ብግነት ይታያል አሉኝ» አለችን። እናቷ ቡናውን ትተው «ድሮም ያ ባልሽ ነው የሚያበግንሽ!» አሏት። ልክ ናቸው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቃሉ ላይ ልክ ናቸው። «በገነ» በንዴት ውስጡ ተቃጠለ ማለት ነው። «ብግነት»ም ከዚሁ ነው የመጣው፤ በሕክምናው ግን (ኢንፍላሜሽን ለሚሉት) የተወሰደው መቃጠሉ ብቻ ነው። «መቆጣት»ም እንደዚሁ። ቁስሉ ተቆጣ፣ ድዴ ተቆጣ፣ ጨጓራዬ ተቆጣ እንላለን፤ ድድ ተናደደ ብሎ የሚረዳ የለም። ወሬው ስለ ደም ሲሆን ነው ጣጣው። «ደሜ ፈላ»፣ «ግፊቴን አታስነሳው» እያልን ስላደግን ጆሯችን ወዲያው ወደ ጠብ ይሄዳል።

ባልየው ግን የለበትም። ነገሩ የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ ነው። ደም የሚያደርሱለት የማህፀን ደም ሥሮች በደንብ ሳይሰፉ ይቀራሉ። ደም ሲያጥረው ወደ እናትየው ደም የሚለቃቸው ነገሮች የደም ሥሮቿን የውስጥ ግድግዳ ያስቆጣሉ። ላብራቶሪ የሚያገኘው የዚህን ዱካ ነው፤ ጉበት የሚሠራው ሲአርፒ የሚባል ፕሮቲን ከፍ ይላል፣ ከነጭ የደም ሴሎችም ኒውትሮፊል ከሊምፎሳይት አንጻር ይበዛል።

ሌላ መልስ፦ እነዚህን «የብግነት ጠቋሚ» የሚሉ አሉ። እኔ «አመልካች» ይሻለኛል፤ ጠቋሚ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ይመስላል። ደግሞ እርግጠኛ ነገር አይናገሩም። ሲአርፒ በኢንፌክሽንም ይጨምራል፤ ኒውትሮፊል በጤናማ እርግዝናም ከፍ ይላል። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደጋገም፣ ሽንት ላይም ፕሮቲን ሲገኝ ወይም እንደ ኩላሊትና ጉበት ያሉት ሲጎዱ ነው።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ለእናትየው «የደም ሥሮቿ ናቸው የተቆጡት፣ እሷ አይደለችም» ልበላቸው?

መልስ፦ ግሩም አባባል ነው! ግን «ንዴት አይደለም» ሲባሉ ቀላል ነገር እንዳይመስላቸው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ወይም ድንገተኛ የፊት እብጠት ካዩባት ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ያድርሷት። ወደ ማንቀጥቀጥ እንዳይሄድ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ማግኒዚየም ሰልፌት ይባላል። ቀጠሮዋን አትጠብቁ።