ጥያቄ፦ በእጅ የሚያዘው የቡና መመዝገቢያችን በ3ኛው ዙር ፕሮሰሰሩ ይቀየር ወይስ ባለበት ይቀጥል?

የጅማዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ስለሚረዝም ይቅርታ።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በእጅ የሚያዝ መመዝገቢያ እንሠራለን። አርሶ አደሩ እሸቱን ሲያመጣ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ መሣሪያው ክብደቱን ከሚዛኑ በገመድ ያነባል፤ ጸሐፊው የአርሶ አደሩን ቁጥር ሲያስገባ ስሙ በአማርኛ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ከዚያ ወገብ ላይ ከምትታሰረው ትንሽ ፕሪንተር ደረሰኝ ይወጣል። ፕሪንተሯ ባለ 58 ሚሊ ሜትር ወረቀት ናት፣ የምትገናኘውም በብሉቱዝ ነው።

በ1ኛው ዙር 40፣ በ2ኛው 60 ሠራን። የሁሉም ፕሮሰሰር ኢኤስፒ32 የሚባል ብሉቱዝ ያለው ቺፕ ነው፤ ቺፑን የያዘው ሞጁል (ትንሿ ሰሌዳ) ውሩም-32ዲ ይባላል። አሁን ለሚመጣው ለቀማ 150 ልንሠራ ነው። ከጣቢያ የሚመጣው ቅሬታ አንድ ነው፦ ይዘገያል። ቁጥሩ ገብቶ ስሙ እስኪመጣ 4 ሰከንድ፣ ደረሰኙ መውጣት እስኪጀምር ደግሞ ሌላ 3 ሰከንድ።

አንዱ ጓደኛዬ ወደ ኢኤስፒ32-ኤስ3 እንለፍ ይላል፤ አዲስ ነው፣ ይፈጥናል፣ ዩኤስቢ አለው። ሌላው ደግሞ ጣቢያ ላይ ያሉት 100 መሣሪያዎች ሊቀሩ ነው ወይ ይላል። እኔ መወሰን አቅቶኛል። ቦርዱን ለማዘዝ 3 ሳምንት ነው የቀረን።

ኮድ በሌሊት

እህቴ፣ በመጀመሪያ 4 ሰከንዱ ምን ላይ እንደሚያልቅ ለክታችኋል? ሳይለካ «ፕሮሰሰሩ ደክሟል» ማለት ቀላል ነው።

ስለ ኤስ3 ፍጥነት የሚወራው የተጋነነ ነው። ሁለቱም ባለ ሁለት ኮር (የማስያ ክፍል) ናቸው፣ ሁለቱም እስከ 240 ሜጋኸርዝ ይሄዳሉ። የኤስ3 ኮር አዲስ ትውልድ ነው፤ ለምስልና ለድምፅ ማወቂያ የሚጠቅሙ ትእዛዞች ተጨምረውለታል። የውስጥ ማስታወሻው ግን 512 ኪሎ ባይት ነው፣ የእናንተው 520። ስም ፈልጎ ለሚያሳይና ደረሰኝ ለሚያትም ሥራ 4 ሰከንዱን 1 ሰከንድ አያደርግላችሁም።

እነዚህን ንገሪኝ፦ የአርሶ አደሮቹ ስም የት ነው የተቀመጠው? ፊደሉስ? ስክሪኑ በስንት ሜጋኸርዝ ነው የሚጻፈው? ፕሮሰሰሩን ራሱንስ በስንት ነው የምታሠሩት?

ጋሼ ራዲዮ

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ፕሪንተሯን እዪ። ኤስ3 ያለው አነስተኛ ኃይል የሚባለው ብሉቱዝ ብቻ ነው። የድሮው፣ ክላሲክ የሚባለው፣ የለውም። ይህ በሶፍትዌር የሚስተካከል አይደለም፤ ቺፑ ውስጥ የሬዲዮው ክፍል ራሱ አልተሠራም። በርካሽ የሚገኙት የወገብ ፕሪንተሮች ደግሞ አብዛኞቹ የሚቀበሉት በክላሲክ ነው። ቦርዱን ቀይራችሁ 150 መሣሪያ ሠርታችሁ አንዱም ደረሰኝ ላያትም ይችላል።

ይህን ከራሴ ነው የተማርሁት። ለአንድ መጋዘን 30 ቦርድ በኤስ3 አሠርቼ ከባርኮድ አንባቢው ጋር አልገናኝ ብሎኝ ስህተቱን ሁለት ሳምንት ኮድ ውስጥ ስፈልግ ከረምሁ። ስህተቱ የነበረው ቺፑን በመረጥሁበት ቀን ነው። 30ውን ቦርድ ሙሉ በሙሉ ጣልሁት።

ለማወቅ ቀላል ነው። ፕሪንተሯን አብሪና በስልክሽ የብሉቱዝ ማስተካከያ ፈልጊያት። 0000 ወይም 1234 አስገባ ካለሽ ክላሲክ ናት። ሁለቱንም የሚችሉ ስላሉ ግን በእርግጠኝነት መሞከር ያስፈልጋል።

የጅማዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ሞከርሁት፤ 0000 ነው የምትጠይቀው። አነስተኛ ኃይል በሚባለው ብሉቱዝም ሞከርን፣ ጭራሽ አትታይም። ጣቢያዎቹ እነዚህን ፕሪንተሮች በራሳቸው ገንዘብ ነው የገዟቸው፣ ቀይሩ ልንላቸው አንችልም።

ለኮድ በሌሊት፦ ስሞቹ ሚሞሪ ካርድ ላይ በነጠላ ሰረዝ በተለያየ የጽሑፍ ፋይል ናቸው፤ ትልቁ ጣቢያ 2,300 አርሶ አደር አለው። የአማርኛ ፊደሉም እዚያው ካርድ ላይ ነው። ስክሪኑ 320 በ240 ነው፣ በ10 ሜጋኸርዝ እንጽፈዋለን። ፕሮሰሰሩን ባትሪ ይቆጥባል ብለን በ80 ሜጋኸርዝ ነው የምናሠራው።

ኮድ በሌሊት

እንግዲህ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። አንድ በአንድ ልሂድ።

ትልቁ ችግር የስሞቹ ፋይል ነው። መስመር በመስመር የሚነበብ ከሆነ የ2,300ኛውን ሰው ስም ለማግኘት 2,299 መስመር መታለፍ አለበት፤ ያውም በ80 ሜጋኸርዝ፣ ያውም ከካርድ። የኋለኛ ቁጥር ያላቸው አርሶ አደሮች ከፊተኞቹ ይበልጥ ይዘገዩ እንደሆነ ጸሐፊዎቹን ጠይቂያቸው፤ እንደዚያ ካሉሽ ተረጋገጠ ማለት ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ቦታ መስጠት ነው። 64 ባይት ብትሰጡ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 20 ፊደል ይይዝላችኋል፤ ለቁጥሩ 4 ባይት ይተርፋል። እስከ አያት ስም ከጻፋችሁ 96 አድርጉት፤ ለ2,300 ሰው 220,800 ባይት ነው፣ ለካርዱ ኢምንት። ከዚያ ቁጥር 1,800 ሲገባ 1,799ን በ96 አባዝቶ በቀጥታ እዚያ ቦታ ላይ ማንበብ ነው። ፍለጋ የሚባል ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው ፊደሉ ነው። በዩኒኮድ (ለፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) የግዕዝ ፊደል ዋናው ክፍል 384 ቦታ አለው። በ24 በ24 ነጥብ ብትሥሉት አንዱ ፊደል 72 ባይት፣ ሁሉም በአንድ ላይ 27,648 ባይት ይሆናል። ሞጁላችሁ 4 ሜጋ ባይት ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ቋሚ ማስታወሻ) አለው! ለእያንዳንዷ ፊደል ወደ ካርድ የምትመላለሱበት ምክንያት የለም፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ፍላሹ ውስጥ ይግባ። የደረሰኙ 3 ሰከንድም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ፕሪንተሯ አማርኛ ስለማታውቅ በሥዕል ነው የምትልኩላት፤ በአንድ መስመር 384 ነጥብ፣ ማለትም 48 ባይት። ያን ሥዕል ለመሥራት በመቶ የሚቆጠሩ ፊደላት ከካርድ አንድ በአንድ እየተለቀሙ ነው።

ስክሪኑስ? ሙሉው ስክሪን 153,600 ባይት ነው። በ10 ሜጋኸርዝ 123 ሚሊ ሰከንድ፣ በ40 ደግሞ 31 ይፈጃል። ይህን ዓይነት ስክሪን ብዙ ሰው በ40 ያሠራዋል። ስም ለመቀየር ግን ስሙ ያለበትን ጠባብ ክፍል ብቻ መጻፍ ይበቃል።

በመጨረሻ ፕሮሰሰሩ። ባለሁለት ኮሩ ቺፕ ሬዲዮው ሳይበራ በ80 ሜጋኸርዝ ከ20 እስከ 31፣ በ240 ደግሞ ከ30 እስከ 68 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። ሲጠብቅ በ80፣ ቁልፍ ሲነካ በ240 አድርጉት። በ80 ለ4 ሰከንድ ከሚለፋ በ240 በአንድ ቅጽበት ጨርሶ ቢያርፍ ለባትሪውም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሶፍትዌር ነው። ጣቢያ ላይ ላሉት 100 መሣሪያዎችም ይደርሳቸዋል። ፕሮሰሰር ብትቀይሩ ግን የሚጠቀመው 3ኛው ዙር ብቻ ነበር።

ሚዛን ቤት

እኔ መሥራት አላውቅም፤ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ይዤ ይርጋ ጨፌ አካባቢ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ የእናንተ ይሁን የሌላ አላውቅም። ስለ 4 ሰከንዱ አንድ ነገር ልበል። እሸት ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ አይመጣም። ሰው ሲለቅም ይውልና ከ10 ሰዓት በኋላ በአህያም በጀርባም ሁሉም በአንዴ ይደርሳል። የዚያን ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወረፋው እስከ ምሽት ይቆያል። 300 ሰው ቢሰለፍ 7 ሰከንድ ሲባዛ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። እናቶች ልጅ አዝለው በጨለማ የሚመለሱበት ግማሽ ሰዓት ነው። እባካችሁ አስተካክሉት።

ሌላው ደግሞ ባትሪው ማታ ላይ ሲያልቅ ነው ልብ የሚያቃጥለው። አዲስ ነገር የምትጨምሩ ከሆነ የባትሪ ቦታ ጨምሩ። ጸሐፊው እጁ በእሸት ጭማቂ ይጣበቃል፤ ቁልፎቹ ትልልቅ ይሁኑ።

የኪስ ኮምፒውተር

በመርህ ደረጃ ግን በኋለኛ ዙር ፕሮሰሰር መቀየር ነውር አይደለም። ፓንዶራ የምትባለው በእጅ የምትያዝ ኮምፒውተር በ2010 ስትወጣ 600 ሜጋኸርዝና 256 ሜጋ ባይት ነበረች፤ በኋለኞቹ ዙሮች 1 ጊጋኸርዝና 512 ሜጋ ባይት ሆናለች። የጨዋታ መሣሪያው ኔንቲዶ ስዊችም በ2019 ቺፑ በረቀቀ አሠራር ሲተካ በዚያው ባትሪ የሚቆይበት ጊዜ ከ2.5–6.5 ሰዓት ወደ 4.5–9 ሰዓት ከፍ አለ፤ የጨዋታው ፍጥነት ግን ባለበት ቀረ። የድሮው ባለቤት ምንም አልቀረበትም።

በተቃራኒው ያው ኩባንያ በ2014 ኒው ሦስት ዲኤስ ለሚባለው የእጅ መጫወቻው ፈጣን ፕሮሰሰር ሲሰጠው በአዲሱ ላይ ብቻ የሚሠሩ ጨዋታዎች መጡ። የድሮውን የያዘ ሰው ተቆረጠ። እናንተም ሁለት ዓይነት ቺፕ ካላችሁ እያንዳንዷን ማሻሻያ ሁለት ጊዜ መሥራት፣ ሁለት ጊዜ መሞከር ይጠብቃችኋል። ለሦስት ሰው ይከብዳል።

የጅማዋ

ጓደኛዬ አሁንም ኤስ3ን አልተወም። ክላሲክ ብሉቱዝ የሚችል ትንሽ ሞጁል፣ ኤችሲ-05 ለምሳሌ፣ ከኤስ3 ጋር በሲሪያል ብናገናኝስ እያለ ነው።

ጋሼ ራዲዮ

ይሠራል፤ ኤችሲ-05 ራሱ ጥሪውን ጀማሪ መሆን ስለሚችል ፕሪንተሯን ይጠራል። ግን አስቢው፦ ሁለተኛ አንቴና፣ ተጨማሪ ቦታ፣ ተጨማሪ ኃይል፣ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ዕቃ። ይህ ሁሉ ከፍለሽ የምታገኚው ዛሬ በእጅሽ ያለውን ነው። ወደፊት መሣሪያው ካሜራ ይኑረው ወይም ድምፅ ይወቅ ካላችሁ ያኔ ኤስ3 ትርጉም አለው። ለዚህ ለቀማ ግን አይደለም።

ዕቃ አስመጪ

ሁሉም «አትቀይሩ» ስላለ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ውሩም-32ዲ ለአዲስ ሥራ አይመከርም ተብሎ በአምራቹ ምልክት ተደርጎበታል። ለ150 ዛሬ ብታገኙት ለ4ኛው ዙር ላታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ቀይሩ፣ ግን ወደ ውሩም-32ኢ። እዚያው ኢኤስፒ32 ነው፤ ክላሲክ ብሉቱዙ አለ፤ መጠኑም ያው 18 በ25.5 ሚሊ ሜትር፣ የእግሮቹ አቀማመጥም ያው። ውስጡ ያለው ቺፕ 3ኛው እርማት (የታረመ እትም) ነው፣ የቀደሙት እርማቶች ችግሮች ተቃለውበታል።

አንድ ነገር ቦርዱ ላይ አረጋግጡ። ከ17 እስከ 22 ያሉት እግሮች በ32ዲ ከፍላሹ ጋር የተገናኙ ነበሩ፤ በ32ኢ ባዶ ናቸው። ለሌላ ነገር የተጠቀማችሁበት ከሌለ ሌላ የሚቀየር አይኖርም። ስትገዙም 150ውን ከነመጠባበቂያው በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥቅል ውሰዱ፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማስመጣት የውጭ ምንዛሪውም የጉምሩኩም ጣጣ ብዙ ነው።

የጅማዋ

ከ9 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ፤ ውጤቱን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግሁም።

ጸሐፊዎቹን ጠየቅሁ። እውነት ነው፤ ትልልቅ ቁጥር ያላቸው ይዘገያሉ፣ ከ100 በታች ያሉት ወዲያው ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ እኛ አልጠየቅንም፣ እነሱም የቁጥሩ ጉዳይ ነው ብለው አላሰቡም። ፋይሉን ወደ 96 ባይት ቀየርነው፣ ፊደሉን ፍላሽ ውስጥ አስገባነው፣ ስክሪኑን ወደ 40 ከፍ አደረግነው። በድሮው የ1ኛ ዙር መሣሪያ ላይ ስሙ ከግማሽ ሰከንድ በታች ይመጣል። ደረሰኙም 1 ሰከንድ ሳይሞላ ይጀምራል። ጓደኛዬ ራሱ ነው ሰዓት የያዘው።

በ32ኢ ልናዝ ነው፤ 17–22 ባዶ ናቸው። ከተረፈው ገንዘብ ትልቅ ባትሪና ሰፋፊ ቁልፎች ይገባሉ። ሚዛን ቤት፣ የአንተ ምክር ነው። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ፦ ያው የፕሮግራም ፋይል በ32ዲም በ32ኢም ላይ ያለ ችግር ይነሣል?

ኮድ በሌሊት

ይነሣል፣ አንድ ማስተካከያ እስካልነካችሁ ድረስ። ፕሮግራሙ ሲገነባ «ዝቅተኛው የቺፕ እርማት» የሚባል ምርጫ አለ። እዚያ 3 ብላችሁ ከሞላችሁ የድሮዎቹ 100 መሣሪያዎች ገና ሲበሩ እምቢ ይላሉ። ዝቅ ባለው ተዉት። ወደ ጣቢያ ከመላካችሁ በፊት ግን አንድ የ1ኛ ዙር፣ አንድ የ2ኛ ዙር፣ አንድ የአዲሱን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ በዚያው ካርድ ሞክሩት።