ክርክር፦ ለክረምቱ የሙዚቃ ሥልጠና ሾንበርግ ምን ያደርጋል?

አወያይ፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ለከተማችን ወጣቶች የክረምት የሙዚቃ ሥልጠና ይዘጋጅ እየተባለ ነው። ኖታ ማንበብና አራቱ ቅኝቶች ላይ ማንም አልተጣላም። ጠቡ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ነው። አንዱ ወገን እንደ ኦስትሪያዊው አቀናባሪ ሾንበርግ ሥራ ያሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የክላሲካል ሙዚቃ ስልቶች ይግቡ ይላል። ሌላው ጊዜ ማባከን ነው፣ በዚያ ፋንታ ማሲንቆ ይጨመር ባይ ነው። እናንተስ? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ጻፉ። ስድብ የለም።

ባለማሲንቆው፦ እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ሾንበርግ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ዘዴ ምን ይላል? አሥራ ሁለቱም ድምፆች ተሰምተው ሳያልቁ አንዱ ተመልሶ አይመጣም። የበላይ ድምፅ የለም፣ ሁሉም እኩል ነው። የእኛ ሰው ጆሮ ግን ያደገው በአምስት ድምፅ ነው። ትዝታ ስትጫወት አድማጩ የት እንደምታርፍ ቀድሞህ ያውቃል። ያንን ማረፊያ ነጥቀኸው «ዘመናዊ ነው» ብትለው ማን ይሰማሃል? ሠርግ ላይ ስሠራ አያለሁ፤ ሰው ዜማው ሲጠፋበት ስልኩን ነው የሚያወጣው።

ቫዮሊን ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ በሾንበርግ ብቻ ዘመኑን ሁሉ አትፍረድበት። እሱ አንድ መንገድ ነው። ያ መንገድ የታከታቸው ከዚያው ከአውሮፓ የወጡ ሰዎችም አሉ። ኢስቶኒያዊው አቀናባሪ አርቮ ፔርት በ1976 የጀመረውን ስልት ስማው። አንዱ ድምፅ በደረጃ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ሌላው በሦስት ድምፆች ብቻ እየተመላለሰ ያጅበዋል። ዝግ ያለ ነው፣ ጸጥታ ይበዛዋል። ይሄ ለትዝታ ጆሮ ሩቅ ነው? የአድማጭ አለመውደድን ካነሳህ ደግሞ፣ ሩሲያዊው አቀናባሪ ስትራቪንስኪ በ1913 ፓሪስ ላይ «የፀደይ ሥርዓት» የተባለውን የባሌ ሙዚቃውን ሲያቀርብ አዳራሹ በጩኸት ተናውጧል። ዛሬ የዓለም ኦርኬስትራዎች አዘውትረው ይጫወቱታል።

የአባይ ማዶ ልጅ፦ ፓሪስን ተዉትና ወደ ቤታችን እንምጣ። ፒያኖ የት አለ? ያለችን ኪቦርድ ናት። እሷም መብራት ሲሄድ አብራ ትሄዳለች 😂

ጋሼ ባለበገና፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካዊው አቀናባሪ ጆን ኬጅ በፒያኖ አውታሮች መካከል ብሎንና ጎማ እየሰካ ድምፁን ቀየረው። እንደ ትልቅ ግኝት ተወራለት፤ ይገባዋልም። ግን በገናን ቀርባችሁ አይታችኋል? አሥር አውታር አለው። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል። እንዚራ እንለዋለን። እንዚራውን በጣትህ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ታደርገዋለህ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ አውታሩ ቆዳውን እየመታ እንደ ንብ መንጋ ማጉምጎም ይጀምራል። ከዚያ ትንሽ ካለፈ ድምፁ ይታፈናል። እኔ አንዳንድ ቀን ከመደርደሩ ይልቅ እንዚራ ማስተካከሉ ጊዜ ይወስድብኛል። ስለዚህ ልጁን ከበገና ጀምሩትና ኬጅን አሳዩት። አይደነግጥም።

የድጓ ተማሪ የነበረ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በገናዎ ጸሎት ነው፣ የኬጅ ሙከራ ነው። ስልቱ ቢመሳሰል ዓላማው ለየቅል ነው። እኔ ዘጌ ላይ ነው የተማርኩት። የቤተ ክርስቲያናችንን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለሙከራ እንዳታነሱብኝ ከወዲሁ እለምናለሁ። አዲስ ዘዴ ሁሉ ክፉ ነው ግን አልልም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን የዜማ ምልክት ሲያበጁ ያ አዲስ ነገር ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ድጓ ዓመታት ይፈጃል። ሾንበርግን በሁለት ሳምንት የጨረሰ ልጅ ምን ያህሉን ይይዛል? መምህሩስ ማን ነው?

ቫዮሊን ተማሪዋ፦ የፒያኖው ነገር መፍትሔ አለው። የኒው ዮርኩ አቀናባሪ ስቲቭ ራይክ በ1972 በእጅ ብቻ የሚሠራ ድርሰት ጽፏል። ሁለት ሰው ይቆማል። ሦስት ጭብጨባ፣ ዕረፍት፣ ሁለት፣ ዕረፍት፣ አንድ፣ ዕረፍት፣ ሁለት፣ ዕረፍት። ሲደመር 12 ምት። አንደኛው ይህንኑ እስከ መጨረሻ ይደጋግማል። ሁለተኛው ደጋግሞ ካጨበጨበ በኋላ አንድ ምት ይዘላል፣ ደግሞ ቆይቶ ሌላ አንድ። 12 ጊዜ ሲዘል ሁለቱ ተመልሰው ይገጥማሉ። መሃል ላይ የምትሰማውን ሪትም ግን ሁለቱም ብቻቸውን አላጨበጨቡትም። መብራትም አይፈልግም!

ባለማሲንቆው፦ እህቴ፣ ጭብጨባ ለእኛ? ከኒው ዮርክ?

ቫዮሊን ተማሪዋ፦ ራይክ ራሱ በ1970 ጋና ሄዶ ከበሮ ተምሯል። እሱ ከአፍሪካ መማር ካላሳፈረው እኛን ምን ያሳፍረናል? አሸናፊ ከበደን ተመልከት። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነው። የጃፓኑን ባለአውታር መሣሪያ ኮቶን ከፍሉት፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር ያገናኘ ድርሰት አለው። በዋሽንት ስለሚጫወት እረኛም ጽፏል። አንዱ ሌላውን አላጠፋበትም።

የአባይ ማዶ ልጅ፦ ጭብጨባውን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሞከርነው። ሁለተኛው ዝላይ ላይ ተበተንን። እናቴ «ምን ነካችሁ» አለች።

ባለማሲንቆው፦ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ከባድ ነው። ለሪትም ከሆነ ይግባ፤ ማሲንቆ ለሚይዝ ልጅም ይጠቅመዋል። አሥራ ሁለት ድምፁን ግን አሁንም አልቀበልም። ልጁ መጀመሪያ የአንቺሆዬን ቅኝት አስተካክሎ ይቃኝ። እዚያ ያሉት ጠባብ ርቀቶች ራሳቸው ስንቱን ያስለቅሳሉ።

ጋሼ ባለበገና፦ እሱስ እውነት ነው።

ቫዮሊን ተማሪዋ፦ አንቺሆዬን የቃኘ ጆሮ ሾንበርግን ይፈራል ብዬ አላምንም። እንዲያውም ቀድሞ የሚለምደው እሱ ነው።

አወያይ፦ «መምህሩ ማን ነው?» ለሚለው እስካሁን የመለሰ የለም። ይህን ያጠና ሰው የምታውቁ፣ ስሙን እዚህ ሳትጽፉ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ክርክሩ ይቀጥል።