የበግ ጸጉር አልጠብቅ አለኝ፤ ምን አጠፋሁ?

የሽሮ ሜዳዋ
ሰላም ቤቶች። የቤታችን ወለል ሴራሚክ ስለሆነ የ6 ዓመቷ ልጄ እግሯን እየበረዳት ተቸገርኩ። ከበግ ጸጉር የቤት ጫማ ልሠራላት ብዬ ተነሳሁ። ፈትል የለው፣ ሽመና የለው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና እያሹ የሚያጠብቁት፣ ፌልት የሚባለው። አጎቴ ከመንዝ 2 ኪሎ ነጭ ጸጉር ላከልኝ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጣቴ አፍታታሁት። ላስቲክ ላይ ወፈር አድርጌ ደለደልኩና የፈላ ውሃ ከነዱቄት ሳሙናው ደፋሁበት። አንድ ሰዓት ሙሉ አሸሁ። ከላይ የያዘ ይመስላል፤ ሳነሳው ግን እንዳልበሰለ እንጀራ መሃሉ ተበጠሰ። ጥፋቱ የጸጉሩ ነው የእኔ? ሜሪኖ የሚባለውን ለስላሳ የበግ ጸጉር ከውጭ ላስልክ?

የሞላሌ ልጅ
እህቴ፣ በጉን አትክሰሺው! ባና የሚሠራው ከምን ሆነና? ልጅ ሆነን ባናው ከሸማኔ ሲመጣ እናቴ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰች በእግራችን ታስረግጠን ነበር። ክሩ እስኪጠፋ ድረስ። (ክፍያችን ቆሎ ነበር።) የመንዝ በግ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከስር አጭርና ለስላሳ ጸጉር አለው። የሚያስቸግርሽ ሻካራው ነው፤ ጫፉን ይዘሽ እየጎተትሽ አውጪው።

ሽቱትጋርት ነኝ
ልክ ነው፣ ግን አደላደልሽም ችግር አለበት። ወፍራም አንድ ድርብ መሃሉ አይያያዝም። በጣም ስስ አድርገሽ አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በወርዱ፣ እንደገና በቁመት፣ እንደገና በወርዱ፤ ቢያንስ 4 ድርብ። ላዩን በአጎበር ቁራጭ ሸፍኚ። እጅሽ የሚችለውን ያህል የሞቀ ውሃ ብቻ፣ ያውም እየረጨሽ። ሳሙናው የተፋቀ ባር ሳሙና ይሁን። ዋናው ነገር፣ መጀመሪያ ላይ አትሺው! በመዳፍሽ ጫን ጫን ብቻ። የጸጉሩ ቅርፊት በሙቀቱ ተከፍቶ እርስ በርሱ የሚቆላለፈው ቀስ በቀስ ነው፤ ገና ሳይያያዝ ስታሺው ይሸሻል። ቆንጠጥ አድርገሽ ስታነሺው ጸጉሩ ተነጥሎ ካልመጣ፣ ያኔ መዳመጫ ላይ ጠቅልለሽ እንደልብሽ አንከባይው። በመጨረሻ ስታለቀልቂ ትንሽ አቼቶ ጣል አድርጊበት፣ የሳሙናውን ርዝራዥ ይገድለዋል።
ደግሞ ጸጉሩን የምትደለድዪበትን የጫማውን የካርቶን ቅርጽ በእግሯ ልክ እንዳትቆርጪ፤ ጸጉሩ ሲጠብቅ ይገባል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር መሞከሪያ ሥሪና ምን ያህል እንደገባ ለኪ። እኔ ይህን ንቄ ለባሌ የሠራሁት ጫማ ለአሻንጉሊት ሆነ።

የሽሮ ሜዳዋ
ተመለስኩ። ሻካራውን ስለቅም ሁለት ማታ ፈጀብኝ፤ ከ2 ኪሎው ግማሹ እንኳ አልቀረም። መሞከሪያው ከ10 ወደ 7 ገባ። ስለዚህ ለ18 ሴንቲ ሜትር እግር ካርቶኑን 26 አድርጌ ቆረጥኩ። የግራዋ አልቃለች፤ ብትጎትቷት አትበጠስም። የቀኟ ገና ናት፣ ልጄ ግን በአንዷ ብቻ እያነከሰች ቤቱን ትዞራለች። ሴራሚኩ ላይ እንዳታንሸራትታት ከስር ቆዳ ልሰፋ ነው፤ ቁርጥራጭ ቆዳ በርካሽ የት ነው የሚገኘው?