የቆዳ ተራራ መውጫ ጫማ በጅማ እርጥበት ለዓመታት ይዘልቃል ወይ?

ጥያቄ፦ የጅሬን መንገደኛ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኑሮዬ ጅማ ነው፤ ከሥራ ነፃ በምሆንባቸው ቀናት የጅሬንን ኮረብቶች እወጣለሁ፣ አልፎ አልፎም ድንኳኔንና ስንቄን ተሸክሜ ወደ በለጠ ጫካ እገባለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ባሌ ሳነቴ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች የመሄድ ሐሳብ አለኝ። ለዚህ ሁሉ የተማመንኩት ዘመድ ከአውሮፓ በላከልኝ ከባድ የቆዳ ጫማ ነው፤ እንደ ወታደር ከስክስ ቁርጭምጭሚትን አልፎ የሚታሰር፣ ቆዳው ወፍራም የሆነ ጫማ ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን በካርቶን ውስጥ ስላሳለፈ ላዩ አዲስ ይመስላል። ይሁን እንጂ ክረምት በመጣ ቁጥር ግራጫ ሻጋታ ይለብሳል፤ ሰሞኑን ደግሞ በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ያለውን ለስላሳ ንጣፍ በጥፍሬ ስጫነው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ሂርማታ ገበያ ያሳየሁት ጫማ ሰፊ በማስቲሽ ቢጣበቅ እንደሚበቃው ነገረኝ።

ይህ ጫማ መጠገኑ የሚያዋጣ ነው ወይስ ቀለል ያለ የጨርቅ ጫማ ገዝቼ ልገላገል? እንዲህ ያለው የቆዳ ጫማ በእኛ የአየር ጠባይ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል ብሎ ተስፋ ማድረግስ ይቻላል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ወስፌና ሰም

ወንድሜ፣ ማስቲሹን ለጊዜው ያቆዩት። የሚፈረፈረው ንጣፍ ፖሊዩሬቴን ከሚባል አረፋ መሰል ፕላስቲክ የተሠራ መሆን አለበት። ይህ ነገር ሲረግጡት ይመቻል፣ ክብደቱም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከአየር የሚስበው እርጥበት ውስጡን ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል። ሂደቱ ጫማው ባይለበስም አይቆምም፤ እንዲያውም ተዘግቶ የተቀመጠ ጫማ ዘወትር ከሚለበሰው ቀድሞ ሲበላሽ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ከተመረተ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይህ ዕጣ ይደርሰዋል፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት እንደ ጅማ ባለ አካባቢ ደግሞ ወደ አጭሩ ቢያደላ አያስገርምም። ማስቲሽ የሚይዘው ጠንካራ ፊት ሲያገኝ ነው፤ የተቀባው ፊት ራሱ እየተፈረፈረ ከተነሣ ማጣበቂያው ምን ያህል ጥሩ ቢሆን ትርጉም የለውም። ከተማ ውስጥ ለሳምንት ሊያስኬድዎት ይችላል፣ ሳነቴ ላይ ግን ሶሉ ሙሉ በሙሉ ተላቆ በእጅዎ ይቀራል።

ስለዚህ አስቀድመው የሚያዩት ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነው። በጫማው ዙሪያ ከቆዳው ወጣ ያለ ጠርዝ ካለና በጠርዙ ላይ ወፍራም ስፌት ከታየ ጫማው የመዳን ዕድል አለው። የሞተው ንጣፍ እስከ መጨረሻው ተፍቆ ይወገዳል፣ በምትኩ ጠንካራ ጎማ ወይም ወፍራም ቆዳ ይገባል፣ ከሥሩም ጥርስ ያለው አዲስ ሶል ይመታል። ስፌት ከሌለውና ሁሉም በማጣበቂያ ብቻ ከተያያዘ ግን ጥገናው በፎርማ (የእግር ቅርጽ ባለው ቅርጽ ማውጫ) ላይ ተወጥሮ በማሽን መጨመቅን ስለሚጠይቅ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ በእጁ ለሚሠራ ባለሙያ ይከብደዋል፤ ይህን ስል ሙያቸውን ዝቅ ለማድረግ አይደለም፣ የመሣሪያ ጉዳይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚገዙ ከሆነም የምመክርዎት ይህንኑ ነው፦ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ የፊቱ ሽፋን ያልተላገ ቆዳ፣ በተቻለ መጠን ከአንድ ወጥ ቁራጭ የተሠራና መጋጠሚያው ያነሰ ይሁን። ውኃ የሚገባው በስፌት ቀዳዳ ነው፣ መጀመሪያ የሚበጠሰውም ክሩ ነው። የቆዳ ጫማ ዕድሜው ረጅም ነው የሚባለው ሶሉ እየተቀየረለት ስለሚኖር ነው እንጂ ራሱ ሶሉ ስለማያልቅ አይደለም። በነገራችን ላይ ዛሬ የምናውቀው ባለ ጥርስ የጎማ ሶል ራሱ ከአደጋ የተወለደ ነው፤ ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ በ1935 እ.ኤ.አ. ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ተራሮች ላይ ከሞቱ በኋላ ነበር ለድንጋይም ለበረዶም የሚሆን ሶል ወደ መፈለግ የገባው፣ የቪብራም ሶልም ከዚያ መጣ። ከዚያ በፊት ተራራ ወጪዎች የሚጫሙት ሚስማር የተመታበት የቆዳ ሶል ነበር።

መልስ፦ ቀሊል ጓዝ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከጥገናው በፊት ጫማው ለምን እንደሚፈለግ መጠየቅ ይገባል እላለሁ። እግር ላይ የታሰረ ክብደት በእያንዳንዱ እርምጃ ስለሚነሣ ጀርባ ላይ ካለው ተመሳሳይ ክብደት ይበልጥ ያደክማል። ጠያቂው ወደ ሰሜን ተራሮች ሲሄድ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በግጭ አድርጎ ጨነቅ እስኪደርስ ጓዙን የሚሸከመው በቅሎ ነው፤ እሱ የሚይዘው ውኃውን፣ ምሳውንና የዝናብ ልብሱን ብቻ ነው። እንዲህ ለሚጓዝ ሰው እያንዳንዱ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጫማ መጎተት ምን ይጠቅመዋል? ቧሂትም ሆነ ራስ ዳሸን ከፍታቸው ብዙ ነው፣ መንገዳቸው ግን በደረቅ ወራት የእግር መንገድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ የአውሮፓ ጫማዎች ሶላቸው ጨርሶ የማይታጠፍ ሆኖ የሚሠራው በግግር በረዶ ላይ ባለ ጥርስ ብረት እንዲታሰርባቸው ነው። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ የለም፤ በአፍሪካ ያለውም በኬንያ ተራራ፣ በኪሊማንጃሮና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው። የእርስዎ ጫማ ከዚያ ወገን ከሆነ በጅሬን መንገድ ላይ ተረከዝዎን ከመላጥ በቀር የሚያተርፍልዎ የለም። ሁለቱን እጆችዎን ከጫማው ጫፍና ከተረከዙ ይዘው ለማጠፍ ይሞክሩ፤ ጥቂት እንኳ እጥፍ ካላለ ለእኛ አገር አልተሠራም ማለት ነው።

ስለ በለጠ የተነሣውን ግን አልክድም። እዚያ ሸክሙ በራስ ጀርባ ነው፣ ሥሩና ማጡ ብዙ ነው፣ የጨርቅ ጫማ ጭቃና እሾህ እየበላው ከቆዳው ቀድሞ ያልቃል።

የጅሬን መንገደኛ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ደግሜ አየሁት፤ በዙሪያው ወፍራም ስፌት ያለበት ጠርዝ አለው፣ ሲታጠፍም ትንሽ ይታጠፋል። እንግዲህ ሶሉን ለማስቀየር ወስኛለሁ። የቀረኝ የእንክብካቤው ጉዳይ ነው። ቤታችን ውስጥ ሰኔና ሐምሌ ላይ የረጠበ ጫማ በቀላሉ አይደርቅም፣ ስለዚህ ብዙዎቻችን ከሰል ምድጃ አጠገብ እናስቀምጠዋለን። ቆዳው እንዲለሰልስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ሞራ ቀባ የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ የጎጀብ ማዶ

ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድመህ ጫማህን ከከሰሉ አርቀው። በዕፅ የለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ሙቀቱ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አልፎ ሲሄድ መኮማተር ይጀምራል፤ የተኮማተረ ቆዳ በኋላ ምንም ቢቀባ አይመለስም። በክሮም (በማዕድን ጨው) የለፋው ይበልጥ ይታገሣል፣ ነገር ግን ማጣበቂያው ከዚያ ቀድሞ ይለቃል። እኔ በልምዴ ካየኋቸው የቆዳ ጫማዎች በመልበስ ካለቁት ይልቅ በምድጃ ዳር የተሰነጠቁት ይበዛሉ። ጭቃውን በውኃና በብሩሽ እጠበው፣ ምክንያቱም የደረቀ ጭቃ ከቆዳው ውስጥ ቅባቱን ይመጥጣል፤ የውስጥ ንጣፉን አውጣው፣ ማሰሪያውን ፍታው፣ አሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ አስቀምጠው። ጋዜጣው ሲርስ ቀይረው። በክረምት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ የሚሄድ ሰው ተለዋጭ ጫማ የሚያስፈልገው።

የተቃጠለ ዘይት ጎማንና ማጣበቂያን ይበላል፣ ለቆዳውም አይበጅም። ሞራ ድሮም ሰው ይቀባው ነበር፣ ነገር ግን ይበክታል፣ ለሻጋታ መኖ ይሆናል፣ አይጥም ይጠራል። ጅማና ከፋ የማር አገር ሆኖ ሳለ የንብ ሰም ትቶ የሞተር ዘይት መፈለግ ይገርመኛል። ሰሙን በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ቆርቆሮ አቅልጠህ ጥቂት የምግብ ዘይት ጨምርበት፤ ሲረጋ ጫማው በደንብ በደረቀበት ቀን በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባው፣ ስፌቱና ጠርዙ ላይ ደጋግመህ እሸው። ቆዳው ሲገረጣና ውኃ ከላዩ መንከባለሉን ሲያቆም ነው የሚቀባው እንጂ በየሳምንቱ አይደለም፤ ቅባት የበዛበት ቆዳ ልል ይሆናል፣ ቁርጭምጭሚትንም አይደግፍም።

ሻጋታውን ከቤት ውጭ በደረቅ ብሩሽ አራግፈው፣ ከዚያ አቼቶ በእኩል ውኃ በጥብጠህ በጨርቅ ጥረገውና አድርቀው። ፌስታልና የተዘጋ ካርቶን ይቅሩ፤ መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገህ አስቀምጠው።

መልስ፦ ወስፌና ሰም

የጋሼን ምክር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቆዳው እንደ ከፋይ ሸካራ ፊት ያለው ከሆነ ሰሙ ያንን መልክ ለዘለዓለም ያጠፋዋል፣ ያጠቁረዋልም። ለአገልግሎቱ አይጎዳውም፣ መልኩ ግን የሚያሳስብዎት ከሆነ መጀመሪያ በጫማው ምላስ ላይ ትንሽ ቀብተው ይዩት።

ወደ ጫማ ሰፊው ሲመለሱ ደግሞ አሮጌው ንጣፍ አንድም ፍርፋሪ ሳይቀር ተፍቆ መነሣቱን አጠገቡ ቆመው ያረጋግጡ፤ በምትኩ የሚገባው ጎማ ድፍን መሆኑን በእጅዎ ተጭነው ይወቁ፣ የነጠላ ጫማ ስፖንጅ እንዳይሆን። የውስጥ ውፍረቱ ስለሚለወጥ ወደ ባሌ ከመነሣትዎ በፊት በወፍራም ካልሲ የጅሬንን ቁልቁለት ደጋግመው ይውረዱበት፤ ጣቶችዎ ከፊት ከነኩ ቆዳ ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ ወደ ፊት አይረዝምም፣ ስለዚህ አዲስ የሚገባውን የውስጥ ንጣፍ ማሳሳት ይኖርብዎታል።