ቁርጭምጭሚቴ እየደጋገመ ወለም ይለኛል፣ ምን ልሥራ?

ተከላካዩ፦ ሰላም ቤተሰብ። እሁድ እሁድ ሰፈር ሜዳ ላይ ኳስ እጫወታለሁ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ይላል፣ ወጌሻ ያሸኛል፣ እብጠቱ ይወርዳል፣ ከዛ ጠጠር ስረግጥ እንደገና። አሁን አያመኝም። ግን እግሬን አላምነውም፤ በቀኝ ብቻ ስቆም እወላገዳለሁ። ቤት የሚሠራ ስፖርት ካለ ንገሩኝ። ለጂም ብር የለም።

ፊዚዮው፦ ወንድሜ፣ ጅማት ሲጎዳ እግርህ በምን አቅጣጫ እንዳለ ለአንጎል የሚናገሩት ነርቮችም አብረው ይጎዳሉ። እግርህ መታጠፍ ሲጀምር ጡንቻው ዘግይቶ ይደርሳል። ይሄን መታሸት አይመልሰውም፣ ልምምድ ነው የሚመልሰው።

ጫማህን አውልቅና ግድግዳ አጠገብ በቀኝ እግርህ 30 ሰከንድ ቁም፤ 3 ጊዜ ደጋግመው። ጉልበትህ ትንሽ ይታጠፍ። ክብደትህ ተረከዝህ፣ የአውራ ጣትህና የትንሿ ጣትህ ሥር ላይ ይከፋፈል። ሲቀልህ ዓይንህን ጨፍን። እግርህ የተኛበትን ሥራ ዓይንህ ሲሸፍንለት እንደነበር ያኔ ይገባሃል። ቀጥሎ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ቁም። ከዛ በአንድ እግር እንደቆምክ ጓደኛህ ኳስ ይወርውርልህ። ወደ ጎን ዘለህ በአንድ እግር ማረፍ የመጨረሻው ነው፤ እዛ ለመድረስ አትቸኩል።

ሳምሪ፦ እኔ ይሄን በአንድ እግር መቆም ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የምሠራው። ሰው ያያል፣ ይየኝ! ሰልፉ እንደሆነ አያልቅም።

ድንገተኛ ክፍል፦ ነርስ ነኝ። ወለም ካለህ በኋላ 4 እርምጃ መራመድ ካቃተህ፣ ወይም በጎንና በጎን ያሉትን የቁርጭምጭሚት ጉጦች የኋላ ጠርዝ ስትጫን አጥንቱ ካመመህ፣ ከወጌሻ በፊት ራጅ ተነሳ። ካናዳ፣ ኦታዋ ውስጥ የወጣ መመዘኛ ነው። የተሰነጠቀ አጥንት ማሸት ጣጣ ያመጣል።

ተከላካዩ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለስንት ጊዜ ልሥራው? የፊታችን እሁድስ ልጫወት?

ፊዚዮው፦ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ በሳምንት ከ3 ቀን ሳያንስ። የፊታችን እሁድ ይቅርብህ። በቀኝ እግርህ ብቻ ያለ ሕመም፣ እንደ ግራው መዝለል ስትችል ተመለስ። መጀመሪያ ሰሞን የቁርጭምጭሚት መያዣ አድርግ። ለቡድኑም «ፊፋ 11+» የሚባለውን ማሟሟቂያ አሳያቸው። 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በአንድ እግር መቆምም አለበት።

ተከላካዩ፦ ልጆቹ 20 ደቂቃ ማሟሟቅ ሲሰሙ ይስቁብኛል።

ሳምሪ፦ በረኛውን አስቀድመህ አሳምን፣ ሌላው ይከተላል።