አስቸኳይ፦ የአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ዲፍረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ግቢ ውስጥ ፈትተናል፣ ፒኞኑ (ትንሹ ጥርሳም ዘንግ) ብቻ ቢቀየር ይሆናል?

የኮምቦልቻው ሹፌር
ወገን ድረሱልኝ። መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት። ኋላዋ ሲያጓራ ከርሞ ዛሬ ዳገት ላይ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። ከወንድሜ ጋር ዲፍረንሻሉን አውርደን ከፈትነው። የፒኞኑ ጥርስ ተሸርፏል። ኮሮናው (ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ጥርሳም ክብ) ደህና ይመስላል። ለነገ ማታ ወደ አዲስ አበባ ጭነት ይዣለሁ። አንድ ሱቅ ፒኞን ብቻ አለኝ ብሎኛል። ገዝቼ ልግጠመው? ሺሙንስ (ክፍተት ማስተካከያ ስስ ቀለበቱን) የድሮውን ብመልስ ችግር አለው? ቶሎ በሉልኝ።

ባለ ኤፍኤስአር
አይዞህ ወንድሜ። የኔም ሲያጓራ ወፍራሙን 140 ዘይት ሞላሁበት፣ ድምፁ ቀነሰ። ሞክረው።

ማስተር ከደብረ ብርሃን
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ጎማው ሥር ታኮ አድርገሃል? የኤንፒአር የእጅ ፍሬን ጎማውን አይደለም የሚይዘው፣ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጀርባ ያለውን ከበሮ ነው። ካርዳኑን (ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደውን ዘንግ) ከፈታህ ወይ ሰሚያሶቹን (ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ዘንጎች) ካወጣህ የእጅ ፍሬን ሳብክ አልሳብክ ለውጥ የለውም፣ መኪናዋ ትሄዳለች። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዛቸው። ሻሲውን በብረት መቆሚያ ደግፈው። ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ሥሩ ተኝተህ የምትሠራበት አይደለም። ይህን ሳታደርግ ሌላውን አታንብብ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ፒኞን ብቻ አይቀየርም። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ላይ አንድ ላይ ተፋጭተው የሚወጡ ጥንድ ናቸው። አዲሱን ፒኞን ከአሮጌ ኮሮና ጋር ካገናኘኸው ማጓራቱ አይቀርም፣ ቆይቶ ሁለቱንም ይበላቸዋል። ሱቁን እርሳው፣ ጥንዱን ፈልግ።

መርማሪ
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ፒኞን ዝም ብሎ አይሸረፍም። ድምፁ ስትረግጥ ነበር ወይስ ነዳጅ ስትለቅ? ዘይቱስ ስታወርዱት ምን ያህል ወጣ? ምክንያቱን ሳታገኝ አዲስ ጥርስ ብትገጥም ያው ይደገማል።

የኮምቦልቻው ሹፌር
ስረግጥም ነበር፣ ስለቅ ደግሞ ይብስ ነበር። ዘይቱ ትንሽ ነው የወጣው። የፊቱ ፓራሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው) ሲያነጥብ ቆይቷል።

መርማሪ
ይኸው! መጀመሪያ መናገር ያለብህ ይህን ነበር። ስትለቅ ከባሰ የፒኞኑ ኩሽኔታ (ዘንጉን ተሸክሞ የሚያዞረው) ላልቷል። ዘይት አነሰ፣ ኩሽኔታው ተበላ፣ ፒኞኑ ከቦታው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ጥርሱ ሄደ። ኩሽኔታዎቹንም ፓራሊዮውንም ቀይር። ከአክስሉ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ደግሞ አጽዳ። እሷ በጭቃ ስትደፈን ሙቀቱ ግፊት ይፈጥርና ዘይቱን በፓራሊዮ ያስወጣዋል። ፓራሊዮ ብቻ ቀይረው እንደገና ያነጠበባቸው ብዙዎች ናቸው።

ባለ ኤፍኤስአር
140 ዘይት ሞክረው ብያለሁ።

ማስተር ከደብረ ብርሃን
የተሸረፈ ጥርስ በዘይት አይበቅልም ወንድሜ። ወፍራም ዘይት ድምፁን ያፍነዋል እንጂ ብልሽቱን አያድነውም። ውፍረቱን የመኪናው መጽሐፍ ይናገራል። ዋናው ጂኤል 5 (ለእንዲህ ዓይነት ጥርስ የሚሆን የዘይት ደረጃ) የሚል መሆኑ ነው፣ ይህ ጥርስ እየተንሸራተተ ስለሚፋጭ ቀለል ያለው የካምቢዮ ዘይት አይችለውም።

ረዳቱ
ስትመልሱት የሠፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ጥሩ፣ እናትህም ቡና ያፍሉ፣ በረካው ሳይደርስ ይገባል 😄 ግን የምሬን፣ ከመመለሳችሁ በፊት የዲፍረንሻሉን ቤት በናፍጣ እጠቡ። የተሸረፈው ብረት የት ሄደ? እዚያው ውስጥ ነው። የሰሚያሱን ቱቦ ሁሉ በማግኔት ፈትሹ።

የቨርጂኒያው
ግቢ ውስጥ አይሠራም የሚሉህን አትስማ። እኔ እዚህ አሜሪካ የፒካፔን ዲፍረንሻል ቤቴ ደጅ ነው የሠራሁት። ግን ያለ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ክፍተት መለኪያ) አትጀምር፣ ተከራይ ወይ ተዋስ። የድሮው ሺም መነሻ ይሁንህ እንጂ አትመነው። ከገጠምክ በኋላ ጥርሱን ቀለም ቀብተህ አዙረውና አሻራውን እይ። አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል፣ አስጠጋው። ወደ ሥሩ ከወረደ በጣም ገብቷል፣ መልሰው። ወደ ጥርሱ ውስጠኛ ዳር ካደላ ኮሮናው ተጠግቷል፣ ወደ ውጭኛው ካደላ ደግሞ ርቋል። መሃል ላይ እስኪያርፍ ፍታና ግጠም። ያሰለቻል፣ ግን ሥራው እሱ ነው።

ማስተር ከደብረ ብርሃን
ልጁ ልክ ነው። በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የመኪናህን መጽሐፍ አይተህ አረጋግጥ። በግራና በቀኝ ባሉት ማስተካከያ ዳዶዎች ነው የሚስተካከለው። አንዱን ባላላህበት ልክ ሌላውን አጥብቅ። የኩሽኔታ መያዣ ቆቦቹን ደግሞ ሳትፈታ በፊት ግራና ቀኝ ብለህ ምልክት አድርግባቸው፣ አይለዋወጡም።

የኮምቦልቻው ሹፌር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ታኮውን አድርገናል። ጥንዱን አንድ ዘመዴ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አገኘልኝ፣ በአውቶብስ ይልከዋል። ግን 7 በ43 (የፒኞኑና የኮሮናው ጥርስ ብዛት) ነው አለኝ። የኔን ቆጠርኩ፣ 7 በ41 ነው። ይሆናል?

መርማሪ
ጥንዱ አንድ ላይ እስከገባ ድረስ ይሠራል። 41 ለ7 ሲካፈል 5.86 ገደማ ነው፣ 43 ለ7 ደግሞ 6.14። የጣርማ በርን ዳገት ስትወጣ ጉልበት ታገኛለህ። ሜዳ ላይ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ከፍ ብሎ ይዞራል፣ ነዳጅም ይጨምራል። የፍጥነት ቆጣሪው ከካምቢዮ ስለሚያነብ ትንሽ አብዝቶ ያሳይሃል። ሳይልከው በፊት ግን የኮሮናውን ስፋትና የቡሎን ቀዳዳዎቹን ለክቶ ይንገርህ። የፒኞኑን ዘንግ ውፍረትም እንዲሁ።

የኮምቦልቻው ሹፌር
ጠዋት ከደረሰልኝ ማታ ለጭነቱ እደርሳለሁ?

ማስተር ከደብረ ብርሃን
አይሆንም። አዲስ ጥርስ ገና ሳይላመድ ሙሉ ጭነት ይዘህ ጣርማ በር ላይ ብትረግጠው ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ባዶዋን አጠር ላለ መንገድ ንዳት፣ አቁመህ አቀዝቅዘው፣ እንደገና ንዳት። ጥቂት ከሠራች በኋላ ዘይቱን ቀይር። ጭነቱን ለሌላ ሹፌር ስጠው፣ ደላላውንም ዛሬውኑ ደውለህ ንገረው። ቀድመህ ስትነግረው ይረዳሃል።

የኮምቦልቻው ሹፌር
እሺ ጋሼ፣ ደውያለሁ። ተቆጥቷል፣ ግን ሌላ መኪና እፈልጋለሁ ብሏል። የፒኞኑ ዳዶ ምን ያህል ይጠብቅ?

የቨርጂኒያው
በኩሽኔታዎቹ መካከል ያለው ቀለበት የሚጨመደድ ዓይነት ከሆነ አዲስ ግዛ። በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቅህ ፒኞኑን አዙረው። ካሳለፍከው አላልቶ መመለስ አይቻልም፣ ሌላ ቀለበት ነው የሚያስፈልገው።

ማስተር ከደብረ ብርሃን
ጠንካራ ቱቦና ሺም ከሆነ ደግሞ ዳዶውን በመጽሐፉ ልክ ሙሉ በሙሉ አጥብቅ፣ የኩሽኔታዎቹን ጥብቀት የምታስተካክለው በሺሙ ነው። ፒኞኑ በእጅ ሲዞር ትንሽ ሊከብድ ይገባል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፋው ግን ምንም መነቃነቅ የለበትም። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ፎቶ አንስተህ ላክልን።

የሐይቅ ልጅ
ወንድሜ፣ እኔም 7 በ43 እየፈለግኩ ነው። ዘመድህ ሌላ ጥንድ አለው?